ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፦ ከፔኒሲሊን ግኝት እስከ ድንገተኛ ክፍል የሽንት ምርመራ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከአምበር ከተማ ወይም ከአካባቢዋ ቀበሌዎች ተነሥቶ፣ ሽንት ሲሸና እያቃጠለው፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ተደርቦበት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚደርስ ታካሚ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ሁለት ነገሮች ይጠየቃል። አንደኛው እስከዚያ ዕለት የወሰደው መድኃኒት ምን እንደሆነ እንዲናገር ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በንጹሕ ዕቃ የሽንት ናሙና እንዲሰጥ ነው። አንዳንድ ተገልጋዮች የመጀመሪያውን እንደ ወቀሳ፣ ሁለተኛውን ደግሞ እንደ ማጓተት ይቆጥሩታል። ሁለቱም ግን በዓለም ዙሪያ ስማቸው ከታወቀ የአንድ ሐኪም ሕይወትና ሥራ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እኚህ ሐኪም ስኮትላንዳዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ናቸው።

ፍሌሚንግ የተወለዱት ኦገስት 6 ቀን 1881 በስኮትላንድ ኤርሻየር፣ ዳርቬል ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ ሎክፊልድ በተባለ የእርሻ ቦታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ሂዩ ፍሌሚንግ ገበሬ ነበሩ፤ አሌክሳንደርን የወለዱት በስተእርጅና ከሁለተኛ ሚስታቸው ሲሆን፣ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው አረፉ። ቤተሰቡ በእናትየውና በታላላቅ ልጆች ጥረት እርሻውን ይዞ ቀጠለ። በግ የሚረባበት፣ ነፋስና ዝናብ የማይለየው ኮረብታማ አገር ነበር። ሕፃናቱ ትምህርት ቤት የሚደርሱት በእግራቸው ነው፤ ፍሌሚንግ ከፍ ሲሉ ይማሩበት የነበረው የዳርቬል ትምህርት ቤት ከቤታቸው በርካታ ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። የጎጃምን ደጋ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አስተዳደግ እንግዳ አይሆንበትም።

በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ገደማ ሐኪም የነበረው ታላቅ ወንድማቸው ወደሚኖርበት ወደ ለንደን ሄዱ። ጥቂት ከተማሩ በኋላ በአንድ የመርከብ ኩባንያ ቢሮ ተቀጥረው አራት ዓመት ያህል ሠሩ። ሥራው አልማረካቸውም ነበር። ሃያኛ ዓመታቸው ላይ ከአንድ አጎታቸው መጠነኛ ውርስ ሲደርሳቸው፣ በወንድማቸው ምክር ሕክምና ለመማር ወሰኑና ለንደን በሚገኘው የሴይንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርት ቤቱን የመረጡት ቀደም ሲል የውኃ ኳስ ግጥሚያ ስላደረጉበት መሆኑ ይነገራል። በ1906 በከፍተኛ ውጤት ተመረቁ። ሐሳባቸው ቀዶ ሐኪም መሆን ነበር፤ ይሁንና የሆስፒታሉ የተኩስ ውድድር ቡድን ጥሩ ተኳሹን ማጣት ስላልፈለገ፣ በዚያው በሴይንት ሜሪ የምርምር ክፍል ሥራ እንዲያገኙ ተደረገ። አንድ ታላቅ የሕክምና ሥራ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ተራ ምክንያት ነው።

የምርምር ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ሰር አልምሮዝ ራይት የተባሉ በክትባት ሥራቸው የታወቁ ሐኪም ነበሩ። ራይት የሰው አካል ራሱ ያለው የመከላከል ኃይል ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል ብለው ያምኑ ነበር። ፍሌሚንግ ከእርሳቸው ብዙ ተምረዋል፤ በጠባያቸው ግን ይለያዩ ነበር። ራይት አንደበተ ርቱዕና ተከራካሪ ሲሆኑ፣ ፍሌሚንግ ግን ቃል የሚቆጥቡ፣ ጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩም ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ይህ ዝምታ በኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሏል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ሆነው ወደ ፈረንሳይ፣ ቡሎኝ ወደተባለችው የወደብ ከተማ ተላኩ። እዚያ በየዕለቱ የሚያዩት ቁስለኛ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ጥይቱ ባደረሰው ጉዳት ሳይሆን ቁስሉ በማመርቀዙ ነበር። የዘመኑ ሐኪሞች ቁስሉን በጠንካራ ፀረ ጀርም ኬሚካል ያጥቡ ነበር። ፍሌሚንግ ነገሩን በጥንቃቄ ሲመረምሩ፣ ኬሚካሉ በጥልቅ ቁስል ስንጥቆች ውስጥ የተሸሸጉትን ጀርሞች እንደማይደርስባቸው፣ ይልቁንም ጀርሞቹን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ቀድሞ እንደሚገድል አረጋገጡ። ጀርምን በብልቃጥ ውስጥ መግደልና በታማሚው አካል ውስጥ መግደል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳየ ሥራ ነው። በጊዜው ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። በዚያው በጦርነቱ ወቅት፣ በ1915፣ ሳራ ማክኤልሮይ የተባሉ ነርስ አገቡ።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሴይንት ሜሪ ተመልሰው፣ ጉንፋን ከያዘው ሰው የአፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን የሚያሟሟ ንጥረ ነገር አገኙና ላይሶዛይም የሚል ስም ተሰጠው። በእንባ ውስጥም በብዛት ስለሚገኝ የሥራ ባልደረቦቻቸው ዓይን ላይ ሎሚ እየጨመቁ እንባ ይሰበስቡ ነበር። ላይሶዛይም የሚገድለው በአብዛኛው ጉዳት የማያደርሱትን ባክቴሪያዎች ስለነበር ለሕክምና አልዋለም፤ የፍሌሚንግን ዓይን ግን ለሚቀጥለው ነገር አዘጋጀው።

የሚቀጥለው ነገር የመጣው በሴፕቴምበር 1928 ነው። ፍሌሚንግ የዕረፍት ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ ቤተ ሙከራቸው ሲመለሱ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ያበቀሉባቸው የመስታወት ሳህኖች ሳይታጠቡ ተከምረው ነበር። በዕቃ አያያዝ ንጹሕ ሰው ተብለው የሚጠሩ አልነበሩም። ከሳህኖቹ በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሏል። ሻጋታ የበቀለበትን ሳህን መጣል በየቤተ ሙከራው የተለመደ ነው፤ እርሳቸው ግን በሻጋታው ዙሪያ ባክቴሪያው ጠፍቶ ጥርት ያለ ክብ መታየቱን አስተዋሉ። ሻጋታው ፔኒሲሊየም ከሚባለው ወገን ስለነበር፣ ከእርሱ የሚወጣውን ገዳይ ንጥረ ነገር በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ፔኒሲሊን ብለው ሰየሙት፤ ውጤቱንም በዚያው በ1929 በሳይንሳዊ መጽሔት አሳተሙ።

የዚህን ጽሑፍ ይዘት በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነው። ፍሌሚንግ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ረጋ ያለ ምግብ ላይ ቦይ ይቀዱና ቦዩን የሻጋታው ጭማቂ ባለበት ምግብ ይሞሉታል። ከዚያም የተለያዩ ባክቴሪያዎችን ከቦዩ ጫፍ ጀምረው ወደ ውጭ በመስመር በመስመር ይዘሩባቸዋል። ፔኒሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያ ከቦዩ ርቆ ይቆማል፤ የማይገድለው ደግሞ እስከ ቦዩ ጫፍ ድረስ ይበቅላል። በዚህ ዘዴ እባጭ፣ የሳንባ ምች፣ የጉሮሮ ሕመምና ጨብጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በፔኒሲሊን እንደሚጠፉ አሳዩ። የታይፎይድ ባክቴሪያና ኢ. ኮላይ በመባል የሚታወቀው የአንጀት ባክቴሪያ ግን ምንም ሳይሆኑ በቀሉ። ኢ. ኮላይ በሰው አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር፣ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲሻገር ግን አብዛኛውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያስከትል ባክቴሪያ ነው። እንግዲህ ፔኒሲሊን ገና በተወለደበት ዓመት፣ ያገኙት ሰው ራሳቸው መድኃኒቱ የትኛውን ጀርም እንደማይነካ ጽፈው አስቀምጠዋል። ለሕክምና ሥራ ይህ ከግኝቱ የማይተናነስ ዕውቀት ነው።

ፍሌሚንግ ከሻጋታው ጭማቂ ንጹሑን መድኃኒት ለይተው ማውጣት አልቻሉም። ጭማቂው በቀላሉ ይበላሽ ነበር፤ የኬሚስትሪ ባለሙያም በበቂ ሁኔታ አልነበራቸውም፤ በጉባኤ ያቀረቡትንም የሰማ ሰው ጥያቄ ሳይጠይቅ አለፈው። ከአሥር ዓመት በላይ ሥራው ባለበት ቆየ። ያነሡት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሃዋርድ ፍሎሪ እና ኧርነስት ቼይን ናቸው፤ ኖርማን ሂትሊ የተባሉት ባልደረባቸው ደግሞ መድኃኒቱን በብዛት ማውጣት የሚቻልበትን ብልኃት ፈጠሩ። በፌብሩዋሪ 1941 ከትንሽ ቁስል ተነሥቶ በተስፋፋ ኢንፌክሽን ለሞት የቀረበ አንድ የኦክስፎርድ ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጠው፤ በጥቂት ቀናትም ትኩሳቱ ወርዶ መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ ግን በቂ አልነበረም። ከታማሚው ሽንት የወጣውን ፔኒሲሊን እየለዩ መልሰው ቢሰጡትም አለቀባቸው፤ ኢንፌክሽኑ አገረሸና በሚቀጥለው ወር ሞተ። በግማሽ የቀረ ሕክምና ምን እንደሚያስከትል ፔኒሲሊን በሰው ላይ በዋለበት በዚያው የመጀመሪያ ጊዜ ታይቷል።

ሌላም ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ይህ ፖሊስ ከመታከሙ በፊት፣ በ1940፣ ቼይን ከኤድዋርድ ኤብራሃም ጋር ሆነው ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ኢንዛይሙ የተገኘው ከዚያው ከኢ. ኮላይ ነው። መድኃኒቱ ገና ለሰው ሳይደርስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ዋና መንሥኤ የሆነው ባክቴሪያ መከላከያውን ይዞ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

በ1942 ፍሌሚንግ በማጅራት ገትር የተያዘ አንድ ወዳጃቸውን ከፍሎሪ ባገኙት ፔኒሲሊን አከሙት። በጡንቻ የተሰጠው መድኃኒት ወደ አንጎል ሽፋን በበቂ መጠን አለመድረሱን ሲረዱ በወገብ በኩል ወደ አከርካሪው ፈሳሽ ሰጡት፤ ሰውየውም ዳነ። የጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ያስተማራቸውን አልረሱም ነበር። ከዚህ በኋላ ጋዜጦች ስማቸውን ያነሡ ጀመር፤ ዝናውም በአብዛኛው ወደ እርሳቸው አደላ። ለኦክስፎርድ ባለሙያዎች የሚገባው ምስጋና አለመሰጠቱ ፍትሐዊ እንዳልነበር ዛሬ ብዙዎች ይስማማሉ። ዝናው ተረትም ወልዷል፤ የፍሌሚንግ አባት ሕፃኑን ዊንስተን ቸርችልን ከመስመጥ አዳኑት፣ በኋላም ፔኒሲሊን ቸርችልን ከሳንባ ምች ፈወሰ የሚለው እስከ ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞር ታሪክ እውነት አይደለም። ቸርችል በ1943 የታከሙት በሰልፋ መድኃኒት ነው።

ፍሌሚንግ በ1944 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ስቶክሆልም ላይ ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ሁሉ ፔኒሲሊንን እያሞገሰ ሳለ፣ እርሳቸው የሚያስፈራቸውን ነገር ተናገሩ። መድኃኒቱ ከመደብር ማንም የሚገዛው በሆነ ጊዜ፣ ሰዎች ከሚገባው መጠን በታች እየወሰዱ ጀርሞቹን ሳይገድሉ መድኃኒቱን ያለማምዷቸዋል አሉ። ይህንንም በምሳሌ አስረዱ። አንድ ባል ጉሮሮውን ሲያመው ራሱ ፔኒሲሊን ገዝቶ ይወስዳል፤ የወሰደው ጀርሙን ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ መጠን ነው። ቀጥሎ ጀርሙ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ ሳንባ ምች ይይዛታል፤ በፔኒሲሊን ብትታከምም ጀርሙ ስለተላመደ ሳትድን ትሞታለች። በምሳሌው ውስጥ ያጠፋው ባል ነው፤ የሞተችው ግን ሚስቲቱ ናት። መድኃኒቱን ያላግባብ የወሰደው ሰው ይድናል፤ ዕዳውን በዚያው ቤት ያለ ሌላ ሰው ይከፍላል። የመድኃኒት መላመድን ከሌሎች የሕክምና ስሕተቶች የሚለየው ይህ ነው፤ ፍሌሚንግ ይህን ያዩት ፔኒሲሊን ለሕዝብ በተሰራጨበት በመጀመሪያው ሰሞን ነው።

ያሉት ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ብሪታንያ በ1947 ፔኒሲሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ በሕግ ደነገገች። ይሁንና አሥርት ዓመቱ ከማለቁ በፊት፣ በለንደን በተጠና አንድ ሆስፒታል ከታካሚዎች ከተገኘው ስታፊሎኮከስ ከግማሽ በላዩ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሳህን ላይ በሻጋታው ዙሪያ የጠፋው ያው የባክቴሪያ ወገን ነው። ዛሬ በተገኘው ዕውቀት የፍሌሚንግ ማስጠንቀቂያ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እርሳቸው ያተኮሩት መጠኑን በማሳነስ ላይ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ሳያስፈልግ መውሰድም የዚያኑ ያህል እንደሚጎዳ በኋላ ታውቋል። ለጉንፋን የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጉንፋኑን አይነካም፤ አንጀት ውስጥ ያለውን ኢ. ኮላይ ግን ይነካል፤ የሚተርፉትም የተላመዱት ናቸው።

የመጨረሻ ዓመታቸውን ፍሌሚንግ ያሳለፉት በየአገሩ እየተጋበዙ በመጓዝ ነው። ባለቤታቸው በ1949 አረፉ፤ በ1953 አማሊያ ኩትሱሪ ቩሬካስ የተባሉ ግሪካዊት ሐኪም አገቡ። ማርች 11 ቀን 1955 በልብ ሕመም ለንደን በሚገኘው ቤታቸው አረፉ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም ተቀበሩ። የሠሩበት ጠባብ ክፍል በሴይንት ሜሪ ሆስፒታል ውስጥ ሙዚየም ሆኖ ይገኛል።

ኢ. ኮላይን የሚገድል የፔኒሲሊን ዓይነት የመጣው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። በ1961 አምፒሲሊን ለአገልግሎት ዋለና ፔኒሲሊን ያልነካው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይድን ጀመር። በዚያው አሥርት ዓመት አቴንስ ውስጥ ከአንድ ታካሚ አምፒሲሊንን የሚሰባብር ኢ. ኮላይ ተገኘ። ይህ ችሎታ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ዝርያም ሳይቀር የሚተላለፍ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡትን፣ ሴፍትሪአክሶንን ጨምሮ፣ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችም ተከትለው መጡ። ዛሬ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሌሎች የአገራችን ከተሞች በተደረጉ ጥናቶች ከታካሚዎች ሽንት የሚገኘው ኢ. ኮላይ በአብዛኛው በአምፒሲሊን የማይጠፋ ሆኗል። በ2019 በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል፤ ከፍተኛው ጫና ያረፈውም ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ላይ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ብርድ ብርድ የሚለው፣ የሚያስመልሰው፣ ጎኑን የሚወጋው፣ ወይም ጀርሙ ወደ ደሙ ገብቶ የደም ግፊቱ የወረደበት ታካሚ ምርመራ እስኪደርስ ሊጠብቅ አይችልም፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ይበልጥ ያጥራል። ስለዚህ ሐኪሙ የትኛው መድኃኒት ሊሠራ እንደሚችል አመዛዝኖ በግምት ይጀምራል። ታካሚው ባለፉት ሳምንታት አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ወስዶ ከነበረ፣ የቀረው ጀርም ያንኑ የተላመደ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይህን የሚያውቀው ታካሚው ብቻ ነው። የመድኃኒቱን ስም የማያስታውስ ሰው ባዶውን ማሸጊያ ወይም ብልቃጥ ይዞ ቢመጣ ይበቃል። ከጎረቤት የተወሰደ ወይም ካለፈው ሕመም የተረፈ መድኃኒት ከሆነም እንዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለመክሰስ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመድኃኒት ሽያጭና አጠቃቀም ቁጥጥር የሚደረግበት ሕግ ሲሆን፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጡ ናቸው።

የሽንት ናሙናው ከመጀመሪያው መርፌ ወይም ኪኒን በፊት የሚወሰደውም መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ ጀርሙ በሳህኑ ላይ ላይበቅል ስለሚችል ነው። ታካሚው አካባቢውን በውኃ አጥቦ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ለቅቆ፣ መካከለኛውን በተሰጠው ንጹሕ ዕቃ ይቀበላል። የካልቸር ምርመራ በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ባለሙያው ከዚህ ሽንት የበቀለውን ባክቴሪያ በሳህን ላይ ዘርግቶ የተለያዩ መድኃኒቶች የነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶችን ያስቀምጥበታል። በማግስቱ በአንዳንዶቹ ወረቀቶች ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ በሌሎቹ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይበቅላል። በሴፕቴምበር 1928 በሴይንት ሜሪ ሆስፒታል የታየው ክብ ይኸው ነው፤ እስከ ጫፍ የበቀለውም ፍሌሚንግ በቦዩ ዳር ያዩት ነው።

ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ በግምት የጀመረውን መድኃኒት ያጸናል፣ በጠበበ ይተካል፣ ወይም ፈጽሞ ይቀይራል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ የተሻለውና ወደ ቤቱ የተሸኘው ታካሚም ውጤቱን ለመስማት በተቀጠረበት ቀን እንዲመለስ ወይም በሰጠው ስልክ እንዲገኝ ይጠየቃል።